ሁለቱም ትክክል ናቸው

ያሰሩኝ ሽምብራዬን በልተው ከጨረሱ በኋላ ነው።

ሁለት የመንግሥት ሰዎች ነበሩ። ኮድቡር በሚባለው የሃርጌሳ ሰፈር፣ ትምህርት ቤቱ በር አጠገብ፣ ሁልጊዜ ከምቀመጥበት ከግንቡ ጥላ ሥር መጥተው አንዳንድ ጥቅል የሽምብራ ቆሎ አነሱ። ቆመው በሉ። ረጅሙ የመጨረሻዋን ፍሬ ወደ አፉ ወርውሮ ወረቀቱን ሊጥለው ሲል ዓይኑ ጽሑፉ ላይ አረፈ። ተረተረው፤ መዳፉ ላይ ዘረጋው፤ ለጓደኛው አሳየው።

«ይሄን ወረቀት ከየት አመጣሽው?»

«መምህርቷ ሰጥታኝ ነው» አልኩት። እንዲያውም ትንሽ ኮራ ብዬ ነው ያልኩት። ቆሎ ሻጭ ነኝና፣ መምህርት የምታውቀኝ ሴት መሆኔ ደስ ይለኝ ነበር።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የተናገርኩት ሁሉ ያቺን አንዲት መልስ ለመመለስ ነበር፤ አልተመለሰችም።

ለማያውቀኝ ሰው ትንሽ ወደ ኋላ ልሂድ። እኔ እግሬ አርፎ የማያውቅ ሴት ነኝ። ከደጋ የወጣሁት የጭነት መኪና ሾፌር አግብቼ ነው። ሐረር ተቀመጥን፣ ጅግጅጋ ተቀመጥን፣ በርበራ ተቀመጥን፣ መጨረሻ ላይ ሃርጌሳ። ባሌ በበርበራ መንገድ መኪናው ተገልብጦበት ሲሞት እኔ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ድንበሩ በጦርነት ተዘግቷል፤ ልመለስ ብልም መንገድ የለም። ስለዚህ ጋአን ሊባህ ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ይዤ ልጄን ወለድኩ፤ ቆሎ መቁላት ጀመርኩ። ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ከበሩ አልፌ አላውቅም። ፊደል እንኳ የለየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከአንዲት ጎረቤቴ ነው። ያኔ ግን ወረቀት ለእኔ መጠቅለያ ነበር።

ወረቀት ደግሞ ችግር ነበር። ሁሉም ቆሎ ሻጭ በሲሚንቶ ከረጢት ነው የሚጠቀልለው፤ ያ ደግሞ አቧራው አይለቅም፣ ልጆቹን ያስላል። መምህርቷ ይህን አይታ ነው አንድ ቀን አርማ የጨረሰችውን የፈተና ወረቀት በእስር በእስር ያመጣችልኝ። «ከሚቃጠል ጠቅልይበት» አለችኝ። የሂሳብ አስተማሪ ናት፤ ገና ወጣት።

በዚያን ጊዜ የሶማሊያ መንግሥት ከገዛ ሕዝቡ ጋር ጦርነት ላይ ነበር። የከተማው ወጣት ወደ ጫካ ይጠፋል፤ በየመንገዱ ኬላ ነው። ጫካ የገቡት ሰዎች ድንበር ተሻግረው እኔ ከተወለድኩበት አገር ነው የሚመጡት ይባላል። እንግዲህ አስቡት፤ ሐበሻ ሴት፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ተቀምጣ፣ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ለመንገደኛው ሁሉ ታድላለች። ያውም በቀይ ቀለም የታረመ።

ያ ወረቀት አንድ ተማሪ ፈተና የሠራበት ነው። ተማሪው ሦስት ብሎ አንድ መልስ ጽፎ ትቶታል። መምህርቷ ከሥሩ በቀይ፣ «አራትም ነው፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው» ብላ ጨምራለች። ነገሩ ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ ምንም የለበትም።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር፤ ግድግዳው ላይ እስከ ትከሻ ድረስ የተደረደረው የጆንያ ጥላ ቀርቷል። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። መስኮት የሚሉት አንድ ብሎኬት የወጣበት ቀዳዳ ነው። ጥግ ላይ በርሜል። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን የቆርቆሮው ምስማር ጣ፣ ጣ ይላል፤ ሰው የሚያንኳኳ ይመስለኝ ነበር። ቀድመውኝ የገቡ አምስት ሴቶች አሉ። አንደኛዋ ወተት ሻጭ ባልቴት ናቸው፤ ቦታ ለቀቁልኝ።

«ምን አደረግሽ?» አሉኝ።

«ቆሎ ሸጥኩ።»

«ይሻላል። እኔ ወንድ ልጅ ወለድኩ» አሉ።

ልጃቸው ጫካ ገብቷል፤ እሱ እስኪመጣ እሳቸው መያዣ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተና መምህርቷን አስገቧት። ከክፍል ነው ያመጧት፤ ጠመኔው ጣቶቿ ላይ ነበር። ሳያት እግሯ ላይ ወደቅኩ።

«እኔ ነኝ የነገርኳቸው፤ አፌን ይቁረጠው!»

«ኢዶ፣ ተነሺ» አለችኝ። ኢዶ በእነሱ አክስት ማለት ነው፤ ሁልጊዜ እንዲያ ነበር የምትጠራኝ። እኔ ደግሞ መዓሊማ እላታለሁ፣ አስተማሪ ማለት። «ወረቀቱን የሰጠሁሽ እኔ፣ የጻፍኩበት እኔ። አንቺ የጠቀለልሽው ሽምብራ ነው። ተነሺ በይ፣ ወለሉ ቆሻሻ ነው።»

በማግሥቱ መርማሪው ዘንድ ወሰዱኝ። አጭር፣ ላብ የሚያጠምቀው ሰው ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ በሁለት ድንጋይ አስይዞታል፤ የቆሎዬ ጨው አሁንም ላዩ ላይ ያብለጨልጫል።

«ይሄ ሰባት ምንድን ነው?»

«አላውቅም፣ ጌታዬ።»

«አስራ ሁለትስ? አስራ ሁለት ሰው ነው? አስራ ሁለት ሳጥን ነው?»

«ማንበብ አልችልም፣ ጌታዬ።»

«ሐበሻ ሁሉ ሲያዝ ማንበብ አይችልም።» ወደ ቀዩ ጽሑፍ በጣቱ አመለከተ። «ሁለቱም ትክክል ናቸው ይላል። ሁለቱ እነማን ናቸው? ሂሳብ ነው ይሉኛል። ሂሳብ ስንት መልስ አለው? አንድ! የእውነት ነገር መልሱ አንድ ነው። ሁለት መልስ ያለው ሚስጥር ነው።»

እኔም እኮ የሂሳብ መልስ አንድ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ሌላ ወረቀት አወጣ፤ በታይፕ የተጻፈ። አነበበልኝ። መምህርቷ በየሳምንቱ ወረቀት ትሰጠኛለች፤ እኔ ስማቸውን ለማላውቃቸው ሰዎች አቀብላለሁ፤ በውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም ይላል። ከሥሩ ለጣት አሻራዬ ባዶ ቦታ ተትቷል።

«ይሄን ካደረግሽ ቤትሽ ትሄጃለሽ። ልጅ አለሽ አይደል?»

ሴት ልጅ አለችኝ፤ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጎረቤት ዘንድ ናት።

«መምህርቷስ?» አልኩት።

«የእሷ ጉዳይ የሚታየው በወታደር ፍርድ ቤት ነው።»

በዚያች ከተማ ያ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል። አንዴ ወደዚያ የሄደ ሰው ልብሱ ብቻ ነው ለቤተሰቡ የሚመለሰው፤ እሱም ከተመለሰ። ላስብበት አልኩት። እስከ ቅዳሜ ሰጠኝ፤ ሦስት ቀን።

ተመልሼ ስገባ ለመምህርቷ ሁሉንም ነገርኳት። «ጣትሽን አሳርፊላቸው፣ ኢዶ» አለች። «ልጅ አለሽ። አገርሽ አይደለም። ማንም አይፈርድብሽም።»

«አንቺስ?»

«እኔ እናቴም ወንድሞቼም እዚህ ናቸው፤ ይሯሯጣሉ» አለች። እየዋሸች እንደሆነ ከድምጿ ይታወቅ ነበር።

ያን ቀን እህል አልቀመስኩም። ወተት ሻጯ ሴትዮ ሴት ልጃቸው በር ላይ ከምታደርስላቸው ተምር ቆንጥረው ሰጡኝ፤ በእጄ ይዤው ቆየሁ። አንድ ነገር ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ሰውዬው ያሰረን ስላልገባው ነው። ወረቀቱ ምን እንደሚል ቢገባው ይለቀን ነበር። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳው! መምህርቷ ብታስረዳው አያምናትም፤ ተከሳሽ ናት። እኔ ግን መሃይም ነኝ። መሃይም ሴት ገብቷት ካስረዳችው፣ ሚስጥር አለመሆኑ ግልጽ አይደለም?

«መዓሊማ፣ ያንን ወረቀት አስተምሪኝ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «የትኛውን?»

«ሰባትና አስራ ሁለቱን። ቅዳሜ አስረዳዋለሁ።»

ወተት ሻጯ ከጥግ ሆነው ሳቁ። «ወላሂ ይቺ ሐበሻ! እኛ ስንፈታ ትምህርቴን ሳልጨርስ አልወጣም ልትል ነው!»

መምህርቷ አልሳቀችም። ዛሬ ሳስበው፣ እንደማይረባ ታውቅ ነበር። ግን አስተማሪ ናት፤ ሰው አስተምሪኝ ብሎ ጠየቃት። ኩባያዋን አነሳች፤ ጣቷን ውሃው ውስጥ ነክራ ሲሚንቶው ላይ ጻፈች።

«ቁጥሩን የማታውቂው ነገር አለ በይ። ስሙን ኤክስ አልነው። ይሄን ነገር በራሱ አባዢው። ከዚያ ላይ ሰባት እጥፉን ቀንሺ። አስራ ሁለት ጨምሪ። ምንም አልቀረም። ነገሩ ስንት ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ?»

«አታውቂም። ለዚህ ነው የምንፈልገው።»

የጻፈችው ሳንጨርሰው ደረቀ። በዚያ ሙቀት ውሃ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ አይቆይም። ደግማ ጻፈች፣ ደግሞ ደረቀ። ሦስተኛው ላይ እኔ ተምሩን ከእጄ ዘረገፍኩት። «በዚህ አሳዪኝ» አልኳት። በልተን ፍሬውን አስቀረን፤ ከሴቶቹም ለቅመን አስራ ሁለት ፍሬ ሞላን።

«አስራ ሁለቱን ደርድሪልኝ» አለች። «ወደ ጎንም ወደ ታችም እኩል እኩል እየሆነ። የሚተርፍ አይኑር።»

ይሄማ ሥራዬ ነው። ጥቅሎቼን ትሪ ላይ ስደረድር የኖርኩ ሰው ነኝ። በአንድ ረድፍ አስራ ሁለት አደረግኩ።

«ጎኖቹን ደምሪ። አንድና አስራ ሁለት?»

«አስራ ሦስት።»

«የምንፈልገው ሰባት ነው። ቀጥሎስ?»

ይህን «ቀጥሎስ» ትወደው ነበር። በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት አደረግኩ። ሁለትና ስድስት ስምንት። ቀጥሎስ? በሦስት ረድፍ አራት አራት። ሦስትና አራት... ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ።

«ሰባት!» ብዬ ጮህኩ። ዘበኛው በሩን መታ።

«ዝቅ አድርጊው» አለች፤ እሷም ግን ፊቷ በርቷል። «እንግዲህ ነገሩ ሦስት ነው ወይም አራት ነው። አላምንም በይና ፈትኚው። ሦስትን በሦስት አባዢ።»

«ዘጠኝ።»

«አስራ ሁለት ጨምሪ።»

«ሃያ አንድ።»

«ሰባት ጊዜ ሦስትስ?»

«ሃያ አንድ። ሃያ አንዱ ላይ ሃያ አንድ ቀነስኩ፤ ምንም የለም!» ሳትነግረኝ በአራቱም ሞከርኩት። አስራ ስድስት፣ አስራ ሁለት ሲጨመር ሃያ ስምንት። ሰባት ጊዜ አራት ሃያ ስምንት። ምንም የለም። «ቆይ፣ ታዲያ መልሱ የትኛው ነው?»

«ሁለቱም ትክክል ናቸው።»

ወተት ሻጯ ይከታተሉ ኖሯል። «ይኼ ምን ይገርማል?» አሉ። «ሁለት ሚስት ያለው ሰው ነው። እዚያም ቤት ብትጠይቂ ባሌ ነው ትላለች፣ እዚህም ቤት ብትጠይቂ ባሌ ነው ትላለች። የቱ ውሸት ነው?»

ሴቶቹ በሙሉ ሳቅን፤ አፋችንን በሻርፓችን ይዘን። ያን ሳቅ ብዙ ጊዜ አስታውሳለሁ። በምን እንደታሰርን የገባኝ ያኔ ነው። በዚህ! ልጆች በየጠዋቱ ክፍል ውስጥ በሚሠሩት ነገር ሰው ሊገደል ነው። ሰው ሰርቆ ይታሰራል፤ ሰው ተሳድቦ ይታሰራል። ትክክል የሆነ ነገር ትክክል ነው ብሎ የጻፈ ሰው ይታሰራል እንዴ?

ሦስት ቀን ሙሉ ተማርኩ። ሌሎችም ቁጥሮች ሰጠችኝ፤ አምስትና ስድስት፣ ስምንትና አስራ አምስት። ያለ ፍሬ፣ በጭንቅላቴ መደርደር ቻልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ወሰዱኝ። አስራ ሁለቱን የተምር ፍሬ በሻርፔ ጫፍ ቋጥሬያለሁ። መርማሪው ብቻውን አልነበረም። አጠገቡ መኮንን ተቀምጧል፤ ልብሱ የተተኮሰ፣ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ የሰካ፣ እጆቹ ንጹሕ። በኋላ ከዘበኞቹ እንደሰማሁት የመድፈኛ ሰው ነው፤ ውጭ አገር የተማረ።

«እሺ፣ ጣት?» አለ መርማሪው።

«ጌታዬ፣ መጀመሪያ ወረቀቱን ላስረዳዎት» አልኩት።

«ማንበብ አልችልም ብለሽ አልነበር?»

«አልችልም። ግን ገብቶኛል።»

ሊቆጣ ሲል መኮንኑ እጁን አነሳ። «ተዋት፤ ታስረዳን» አለ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ደስ አለኝ። ሰው አገኘሁ ብዬ።

ቋጠሮዬን ፈትቼ ፍሬዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። በአንድ ረድፍ፤ አይሆንም። በሁለት ረድፍ፤ አይሆንም። በሦስት ረድፍ አራት አራት። ሦስትን አባዛሁላቸው፣ አራትን አባዛሁላቸው፤ ምንም አልቀረም። «ለዚህ ነው መምህርቷ ሁለቱም ትክክል ናቸው ያለችው። ልጁ አንዱን ረስቶ ነው። ሌላ ምንም የለበትም፣ ጌታዬ።»

መርማሪው ወደ መኮንኑ ዞረ። መኮንኑ ፍሬዎቹን እያየ ነው። ከንፈሩ ጫፍ ላይ ፈገግታ መጣች፤ የእውነት ፈገግታ። ከኪሱ እስክሪብቶውን አወጣና ባዶ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ጻፈ።

«ዘጠኝና ሃያ ቢሆንስ?» አለኝ። «ዘጠኝ እጥፉን ቀንሰን፣ ሃያ ብንጨምር?»

ፍሬዬ አስራ ሁለት ብቻ ነው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሃያ ጥቅል ትሪዬ ላይ ደረደርኩ። ሁለት ረድፍ አስር አስር፤ አስራ ሁለት ይሆናል፣ አይደለም። አራት ረድፍ አምስት አምስት።

«አራትና አምስት» አልኩት።

«ትክክል ነው» አለ። «የት ተማርሽው?»

«እዚሁ፣ እናንተ ቤት።»

ሳቀ። መርማሪውም እሱን አይቶ ሳቀ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም። አለቀ አልኩ በልቤ፤ ለልጄ ዛሬ ራት እሠራለሁ።

መኮንኑ እስክሪብቶውን ኪሱ መለሰ። የተምር ፍሬዎቼን በእጁ ጀርባ ቀስ አድርጎ ወደ ጎን ገፋቸው። ያንን በታይፕ የተጻፈውን ወረቀት ወደ እኔ አስጠጋ፤ የቀለሙን ስፖንጅ ከፍቶ አጠገቡ አስቀመጠ።

«በይ አሁን ጣትሽን» አለኝ፤ በዚያው ለስላሳ ድምፅ።

ትንሽ ጊዜ ያልሰማሁት መስሎኝ ነበር። ፊቱን አየሁት። ምንም አልጠፋውም። ሲጀመርም አልጠፋውም ነበር። ወረቀቱን ገና እንዳየው ነው ያወቀው፤ እኔ ሦስት ቀን የለፋሁበትን እሱ አንድ ትንፋሽ አልፈጀበትም። አውቆ ነው።

እጄን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ጭኔ ሥር ከተትኩትና ተቀመጥኩበት።

«ጌታዬ፣ ትክክል ነው ብለዋል» አልኩት። «እንግዲያው ትክክል ነው ብለው ይጻፉልኝ። እሱ ላይ አሳርፋለሁ። በአስሩም ጣቴ አሳርፋለሁ።»

መርማሪው ተነሳ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልዘረዝርም። ግራ ጆሮዬ እስከ ዛሬ በደንብ አይሰማም፤ ሰው በዚያ በኩል ሲያናግረኝ ዞር እላለሁ። እጄን በግድ ሊጎትቱት ይችሉ ነበር፤ ጉልበት አጥተው አይደለም። መኮንኑ ነው ሰዓቱን አይቶ የተነሳው።

«ተዋት» አለ። «ጣት አይጠፋም።»

ወደ ክፍሉ ሲመልሱኝ መምህርቷ ሻርፗን አርጥባ ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ።

«አስረዳሽው?» አለች።

«አስረዳሁት። መኮንን ነበር። ትክክል ነው አለኝ።»

«ቀጥሎስ?»

«ሌላ ሰጠኝ። ዘጠኝና ሃያ።»

እጇ ጆሮዬ ላይ ቆመ። ሌሎቹ ሴቶች አልገባቸውም፤ እሷ ግን ገባት። ለዚያ ጥያቄ መልስ ያለው ቁጥር መርጦ የሚሰጥ ሰው ሂሳቡን የሚያውቅ ሰው ነው።

«ምን አልሽው?»

«አራትና አምስት።»

«ጎበዝ» አለችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ደግማ «ጎበዝ፣ ኢዶ» አለች።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ መጥተው ስሟን ጠሩ። ወተት ሻጯ ሴትዮ የራሳቸውን ሻርፕ አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣሉላት፤ የሷ በእኔ ደም ተበላሽቶ ነበር። እኔን አቅፋ ጉንጬን ሳመችኝና ወጣች። ማን እንዳሳረፈ አላውቅም። ጣት እንዳልጠፋ ግን አወቅኩ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ ከተማው ውስጥ ገባ። አውሮፕላኖች ከሃርጌሳ አየር ማረፊያ እየተነሱ ሃርጌሳን ደበደቡ። ተነስተው የሚመቱት የተነሱበትን ከተማ ነው፤ ይህን ያላየ አያምንም። ዘበኞቹ ጠፉ፣ የእስረኛ ዘመዶች በሩን ሰበሩት። ልጄን ጎረቤቴ ጉድጓድ ውስጥ ደብቃ ጠብቃልኛለች። ከሕዝቡ ጋር ተቀላቅለን በእግራችን ወደ ድንበሩ ሄድን። ስደተኛ ሆኜ ወደ ገዛ አገሬ ገባሁ፤ ሳቅም አምሮኝ ነበር። በስደተኛው ሰፈር ውስጥ ድንኳን ለድንኳን እየዞርኩ መምህርቷን ጠየቅኩ። እናቷን አገኘኋት። እሷም እየዞረች ትጠይቅ ነበር።

አሁን እንደገና ሃርጌሳ ነኝ። እግሬ ዞሮ ዞሮ እዚሁ አመጣኝ። ልጄ 26 ጁን ሰፈር ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፤ እኔ የልጅ ልጆቼን እጠብቃለሁ። ከተማው አድጓል፣ ባጃጁ መተላለፊያ አሳጥቷል፤ ኮድቡር ያ ግንብ የቱ ጋ እንደነበር መለየት አቃተኝ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ወንዙ ዳር ያኔ በጅምላ የተቀበሩ ሰዎች አጥንት ወጣ ሲሉ ሄጄ አያለሁ። አጥንት ማንነቱን አይናገርም። ግን ሰው ሊጠይቃቸው ይገባል ብዬ እሄዳለሁ።

ይህን ታሪክ የአገሬ ልጆች ሰብሰብ ስንል አንዳንዴ አወራዋለሁ። የግንባታ ሠራተኞች አሉ፣ ሾፌሮች አሉ፣ ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች አሉ። ያዝናሉ፤ ከዚያ ደግሞ ሳቅ ይመጣባቸዋል። «በሂሳብ ፈተና! ምን ዓይነት መሃይሞች ናቸው፣ እማማ!» ይሉኛል። ሊያጽናኑኝ ብለው ነው፤ አውቃለሁ።

እኔ ግን ይህችን ቃል ዝም ብዬ አላሳልፋትም። ተው፣ መሃይምን አትሳደቡ እላቸዋለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ መሃይሟ እኔ ነበርኩ። መኮንኑ ማንበብ ይችላል።